ይህ ጉዳይ ሪፖርት ይደረጋል

ጠዋት ኮምፒውተሬን (በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ ነው የሚሠራው) ከፍቼ ፓስዎርዴን አስገባሁ። ተቀበለኝ። ወዲያው «አዲስ ማሻሻያ አለ» አለኝ። እሺ አልኩት። ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ያንኑ ሰጠሁት። «ማረጋገጥ አልተሳካም።»

ሰው ፓስዎርዱ እንቢ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጣቱን ነው። ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየተጫንኩ ደገምኩት። አልተሳካም። ሦስተኛውን በንዴት ደበደብኩት። እሱም አልሆነም። አርች የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ 10 ደቂቃ ይቆልፍብኝ ነበር፤ የኔው ደግ ነው።

ሊኑክሱን የጫነልኝ ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ወንድምጋሼ፣ ካፕስ ሎኩን አይተኸዋል?»

ይቺ ጥያቄ ትሕትና የለበሰች ስድብ ናት። አየሁት። ጠፍቷል።

«ኪቦርዱስ አማርኛ ላይ ሆኖ እንዳይሆን?»

ይሄኛው እንኳ ያስኬዳል። ሳጥኑ የሚያሳየው ነጥብ ብቻ ነው፤ በየትኛው ፊደል እንደጻፍክ በምን ታውቃለህ? ባዶ ገጽ ከፍቼ ፓስዎርዴን ጻፍኩበት። ልክ ነው። ቶሎ አጠፋሁት፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ብሆንም ዞር ብዬ አይቻለሁ።

«እንግዲያው ተርሚናል ክፈትና በሱዶ ሞክረው።»

ተርሚናል ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። ሱዶ ደግሞ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያበድር፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የተወለደ አንጋፋ በረኛ ነው። ገና ሲያየኝ ምክር ጀመረ። የሌላውን ምስጢር አክብር። ከመጻፍህ በፊት አስብ። ትልቅ ሥልጣን ትልቅ ኃላፊነት ያመጣል። ደስ አለኝ፤ ባለሥልጣን ብሎ የመከረኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ ፓስዎርድ ጠየቀ። ስጽፍ ነጥብ እንኳ አይታይም፤ የፊደሉ ብዛት እንዳይታወቅ ነው አሉ። ጨርሼ ኢንተር አልኩት። «ተሳስተሃል» አላለኝም። ፓስዎርዴ ልክ ነበር! ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፦ «ስምህ ሱዶ ከተፈቀደላቸው መዝገብ ላይ የለም። ይህ ጉዳይ ሪፖርት ይደረጋል።»

ለማን? ቤቱ የኔ፣ ኮምፒውተሩ የኔ፣ የገዛሁትም እኔ። ያን ሁሉ የሥልጣን ምክር ታዲያ ለምን ሰጠኝ?

ወደ መጀመሪያው ሳጥን ተመለስኩ። ከፓስዎርዱ ቦታ በላይ ስም ተጽፏል። የወንድሜ ስም። ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ለካ ሲጭነው መጀመሪያ የራሱን አካውንት ከፍቶ አስተዳዳሪ ሆኗል፤ እኔን በኋላ በተራ ተጠቃሚነት ጨምሮኛል። ፈቃድ የሚያጣራው ፖልኪት ደግሞ ተራ ተጠቃሚ ሲገጥመው የሚጠይቀው የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ ነው። እኔ ሆዬ የሰው በር ላይ ቆሜ የራሴን ቁልፍ አዟዙራለሁ። ምን ይደረግ፣ ፎርም ሲሰጡን እንኳ «የት ጋ ልፈርም?» እንጂ «ምን ይላል?» ብለን አናውቅም።

ሪፖርቱም የሚደርሰው እሱ ጋ ነው ማለት ነው። ታላቅ ወንድሙ በር ሊሰብር ሲሞክር ተያዘ!

«መጥቼ ሱዶ ግሩፕ ውስጥ አስገባሃለሁ» አለኝ። እስኪመጣ ድረስ ቅሬታዬን በአማርኛ ስጽፍ ቆየሁ። ሁለት ገጽ ሞላ።

መጣ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። «ወንድምጋሼ፣ እስቲ ዞር በልልኝ» አለ። በገዛ ቤቴ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ተረረክ ተረረክ አደረገው።

«ማረጋገጥ አልተሳካም።»

ደገመ። እንደገና አልተሳካም። ሰረቅ አድርጌ የስክሪኑን ጥግ አየሁ። ኪቦርዱ ቅሬታዬን የጻፍኩበት አማርኛ ላይ ነው።

«ካፕስ ሎኩን አይተኸዋል?» አልኩት።