ማስተካከያ፦ አቼቶ ለእብነ በረድ አይሆንም

ባለፈው ስለ ወለል ጽዳት ስጽፍ፣ ውሃ ደርቆ የሚተወውን ነጭ ምልክት በአቼቶ ወይም በሎሚ አስለቅቁት ብዬ ነበር። ለሴራሚክም ለእብነ በረድም እኩል ይሠራል ያልኩት ስህተት ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እብነ በረድ ላይ በፍጹም እንዳታደርጉት።

ደሴ ሆጤ ያለችው እህቴ ምክሬን ሰምታ የሳሎኗን የእብነ በረድ መስኮት ደፍ በሎሚ አሸችው። እርጥብ እያለ ምንም አልታየም። ሲደርቅ ግን የሲኒ አፍ የሚያክል የደበዘዘ ክብ ወጣ፣ በጣት ሲነኩት ሻከር ይላል፣ ብትወለውለው ብትወለውለው አልለቅ አለ። የማይለቀው ቆሻሻ ስላልሆነ ነው። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ እንደ አቼቶና ሎሚ ያለ አሲድ ሲነካው ድንጋዩ ራሱ ይሟሟል። ያየነው የተበላውን ቦታ ነው።

ሲለር (ድንጋዩ ፈሳሽ እንዳይጠጣ የሚቀባ መከላከያ) ከተቀባ ችግር የለውም ያልኩትንም አርሙልኝ። ሲለር ዘይትና ቡና ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ አሲድን አይመልስም። ሲለር ይፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ጠብታ ውሃ አድርጉና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ድንጋዩ ከጠቆረ ውሃ እየጠጣ ነው።

ለጽዳት ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቆ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ቀለል ያለውን ድብዛዜ የእብነ በረድ ማወልወያ ዱቄት ይመልሰዋል፣ ጥልቅ ከሆነ ግን በማሽን የሚያለሰልስ ባለሙያ ጥሩ። ሴራሚኩ ራሱ አቼቶ ይችላል፤ በመሃሉ ያለው የሲሚንቶ መገጣጠሚያ ግን ሲደጋገምበት ይበላል።