«መልሱ ሲ ነው» አትበሉኝ

ወገን፣ ዛሬ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ማትሪክ ደርሶብኛል። ክፍላችን እንዴት እንደታጨቀ ለእናንተ አይነገርም። የፊዚክስ መምህራችን እጁን ያወጣውን ሁሉ ላስተናግድ ቢል ደወሉ ይቀድመዋል። ስለዚህ እንደ ሰው ሁሉ ቴሌግራም ላይ አንድ የተማሪዎች ግሩፕ ገባሁ። ጉዱ እዚያ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር፦ 45 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ላይ ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ወደ ጎን ተወረወረ፤ ከገደሉ ሥር ምን ያህል ርቆ ያርፋል? «እባካችሁ አሠራሩን አሳዩኝ» ብዬ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው መልስ «ሲ»። ቀጥሎ «ዲ ነው ባክህ»። ከዚያ የሳቅ ኢሞጂ። አድሚኑስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፖል ከፈተ! ኧረ በፈጠራችሁ፣ ፊዚክስ በድምፅ ብልጫ ሆነ እንዴ? ያሸነፈው ደግሞ 180 ሜትር። ማታ ደብተሬን ይዤ ስታገለው ነው ነገሩ የገባኝ። ግራቪቲን 10 ብላችሁ ድንጋዩ መሬት የሚደርስበትን ጊዜ ስታወጡ፣ የጊዜው ስኩዌር 9 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 3 ሴኮንድ፣ በ20 ሲባዛ 60 ሜትር። ሕዝቤ ሩቱን ዘሎ 9ኙን በ20 አባዝቶ ነው 180 ላይ የተረባረበው። ጥያቄ አውጪውም ይህን አውቆ ነው 180ን ምርጫው ውስጥ የወሸቀው! አንድ ሰው ሁለት መስመር ስሌት ቢጽፍ ኖሮ ሁሉም ስህተቱን እዚያው ያየው ነበር። ግን ማን ይጽፋል? ፊደል መወርወር ይቀላል።

ኢንቦክሱማ አይነሳ። የሴት ስም ካዩ «ላስረዳሽ?» የሚለው መዓት ነው። እሺ አስረዳኝ ስትይው «መጀመሪያ ሰፈርሽ የት ነው? ፎቶ ላኪ እስኪ»። የድንጋዩን ርቀት ትቶ የእኔን ርቀት ይለካል! ስሜን በወንድሜ ስም ቀይሬ ያንኑ ጥያቄ ብለጥፈው ኢንቦክሴ ጭር አለ። እነዚያ ሁሉ አስረጂዎች በአንድ ሌሊት ፊዚክስ ጠፋባቸው?

ነጋዴዎቹም አሉ፤ «ማብራሪያውን ለማየት ቪአይፒ ግቡ»፣ «ሰው አድ ካላደረግሽ ፒዲኤፉ አይላክም»። እሱን ለምደነዋል።

«ኤአይ ጠይቂ» የምትሉኝም አላችሁ። ጠየቅኩ። 0.00000001 ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው ብለው፣ ኮራ ብሎ «8» አለኝ። ከ7 በላይ እኮ ቤዝ ነው! አሲድ ስለቀጠነ ቤዝ ይሆናል? ውሃው ራሱ የሚያዋጣው ሃይድሮጅን አዮን አለ፤ እሱ ሲደመር ፒኤቹ ከ7 ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አያልፈውም። የኬሚስትሪ መምህራችን ባያስተምሩን ኖሮ 8ን ሸምድጄ ፈተና ልገባ ነበር።

ውጤት ሲወጣ ደግሞ ሁላችሁም ተንታኝ ናችሁ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈታኙ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው ሲባል «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» ስትሉ የነበራችሁት የት ናችሁ? ሰነፍ ሰው የሌሊት ጥቅል ገዝቶ፣ እንቅልፉን አጥቶ «አሠራሩን አሳዩኝ» እያለ ይለምናል? መብራት ካለ ነው እሱም።

ለማንኛውም እዚህ ቁም ነገረኛ ካለ፣ ይኸው፦ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) በባትሪ ቻርጅ ተደርጎ ከባትሪው ተነጠለ። ከዚያ መሃሉ ላይ ኮንስታንቱ 2 የሆነ ዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር) ገባ። የተጠራቀመው ኢነርጂ በግማሽ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ መልሱ ቢ መሆኑንም ከጀርባ አይቻለሁ። ግማሹ ኢነርጂ የት ሄደ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ኢንቦክስ አልቀበልም።