እርማት፦ አዲስ ሰው ሁሉንም ቁልፍ ማየት የለበትም

ወንድሜ፣ «አዲስ ዲዛይነር ፊግማ የተባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ሲከፍት መጀመሪያ ሁሉንም መሣሪያ እናስጎብኘው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ጀማሪ ገለጻውን ዘሎ ሥራው ውስጥ ነው የሚገባው።

ሰው ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናው ጆን ካሮል ከባልደረባው ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተቃራኒውን ሞከሩ። በአንድ የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ጀማሪን የሚያሳስቱ ትእዛዞችን ለጊዜው ዘጉ። ተማሪዎቹ ቶሎ ሥራ ጀመሩ፤ ስሕተት ለማስተካከል የሚያባክኑት ጊዜም ቀነሰ።

እኛም ጅማ ውስጥ ትንሽ ቡድን ነን። አዲስ ልጅ ሲመጣ እየተሠራ ያለ የቡና ማሸጊያ ፋይል እንከፍትለታለን። አንድ ጽሑፍ ይቀይራል፣ አንድ አስተያየት ይጽፋል። በቃ! ኮምፖነንት (ደጋግመን የምንጠቀምበት የዲዛይን ክፍል) እና ላይብረሪ (የእነዚህ ክፍሎች የጋራ ስብስብ) ሥራው ሲጠይቅ ይመጣሉ። መሣሪያው አይጠፋም፤ ተራውን ይጠብቃል እንጂ።

እስቲ የሚቀጥለውን ልጅ እንዲህ ጀምርለት።