ሻምፓኙን ተዉት፣ በሩን አሳዩኝ

በቅንጡ ባቡር ላይ የሚካሄድ የፍቅር ልብወለድ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። ታሪኩን ገና ሳልገልጠው አውቀዋለሁ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ፓሪስ ላይ ይሳፈራሉ። እራት ላይ ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። ቬኒስ ወይም ኢስታንቡል ሲደርሱ አብረው ይወርዳሉ፣ አለዚያም እያለቀሱ ይለያያሉ።

ብዙ ሰው «ተራ ነገር ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። የፍቅር ታሪክ ተራ አይደለም። እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ ደራሲዎች ባቡሩን ይረሱታል። ስለ ክሪስታል ብርጭቆ፣ ስለ ሻምፓኝ፣ ስለ ሐር አንሶላ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። ይሄ ሁሉ ሆቴልም ውስጥ አለ። ሆቴል ውስጥ የማይገኘው የባቡሩ ጥበት ነው።

የዚህ ዓይነት ልብወለድ እናት ከፓሪስ ወደ ኢስታንቡል ይጓዝ የነበረው ቅንጡ ባቡር፣ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ነው። ያቋቋመው ዦርዥ ናጌልማከርስ የቤልጂየም ባለባንክ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በወጣትነቱ በዕድሜ የምትበልጠውን ዘመዱን ወደደ። እሷ ግን አልወደደችውም። ቤተሰቦቹ «ራቅ ብሎ ይርሳት» ብለው አሜሪካ ላኩት። እዚያ ፑልማን የተባለውን ኩባንያ የመኝታ ባቡሮች አየ። በእነዚያ ፉርጎዎች አልጋው ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣ የተኛውን ሰው ከመተላለፊያው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነበር። ናጌልማከርስ አውሮፓ ተመልሶ የራሱን ፉርጎዎች ሲያሠራ ተሳፋሪውን በር ባለው ክፍል አስተኛው።

ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ለመኝታ ፉርጎ በር ያበጀለት ፍቅሩ ያልሰመረለት ወጣት ነው። በር ከሌለ ማንኳኳት የለም። እጅን አንስቶ፣ ሳያንኳኩ መመለስም የለም። አንድ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

የመጀመሪያው ጉዞም ራሱ ልብወለድ ነው። ባቡሩ ከፓሪስ የተነሳው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1883 ነው። ያኔ ሐዲዱ እስከ ኢስታንቡል አልተያያዘም ነበር። ተሳፋሪዎቹ ሮማንያ ውስጥ ጁርጁ ላይ ወርደው የዳኑቤን ወንዝ በጀልባ ተሻገሩ። ከዚያ በሌላ ባቡር እስከ ጥቁር ባሕር ወደብ እስከ ቫርና፣ ከቫርና ደግሞ በመርከብ እስከ ኢስታንቡል። መንገዱ በሐዲድ የተገናኘው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ ለቀናት በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ የከረሙ ሁለት ሰዎች በድንገት ከነሻንጣቸው ወንዝ ዳር ይቆማሉ። ነፋስ አለ። ጀልባው አልቀረበም። እስካሁን ያልተባለው ነገር እዚያ ቢባልስ?

ኮሪደሩ ራሱ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል። ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ወደ ጎን ዞሮ ካልተጣበቀ ሌላው አያልፍም። «ይቅርታ» «ምንም አይደል» ይባባላሉ። ፉርጎው ሲወዛወዝ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ። ጫፍ ላይ፣ በምትታጠፍ ትንሽ ወንበር ላይ፣ የፉርጎው አስተናጋጅ ተቀምጧል። ድንበር ላይ እንግዶቹ ከእንቅልፋቸው እንዳይቀሰቀሱ ፓስፖርታቸውን የሚይዘው እሱ ነው። የሁሉንም እውነተኛ ስምና ዕድሜ ያውቃል። በሌሊት የትኛው በር እንደተከፈተም ያውቃል። ይህ ሰው በየልብወለዱ «መልካም ምሽት» ብሎ ይጠፋል። ያሳዝነኛል። አንድ ቀን ታሪኩን በእሱ ዓይን ማንበብ እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የኦሪየንት ኤክስፕረስን ስም ይዞ የሚጓዘው የዛሬው ቅንጡ ባቡር የታደሱ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን ፉርጎዎች ይጠቀማል። በየፉርጎው ጫፍ ክፍሎቹን የሚያሞቅ የድንጋይ ከሰል ምድጃ አለ። ከሰሉን የሚጨምረው ያው አስተናጋጅ ነው። በነባሮቹ አነስተኛ ክፍሎች ውስጥ የእጅ መታጠቢያ እንጂ ሻወር የለም። ሽንት ቤቱም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። አንዲትን ሴት ትናንት ማታ በሙሉ ልብስ ዘንጦ የተዋወቃት ሰው ጠዋት ፀጉሩ ቆሞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ያገኛታል። ለእኔ ፍቅሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እራት ላይማ ሁሉም ያምራል።

ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ባሏን ያገኘችው በድሬዳዋው ባቡር ነው፤ ያውም ሦስተኛ ማዕረግ። ከለገሃር ሲነሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር። ብዙም አላወሩም። አዋሽ ላይ ባቡሩ ሲቆም ወርዶ ውኃ ገዛና በመስኮት አቀበላት። መልስ ሊቀበል ዞር ሲል ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አንገቷን አውጥታ ብታይ የለም። ጠርሙሱን እንደያዘች ቀረች። «ውኃው አይደለም የከነከነኝ፤ ስሙን እንኳ አለመጠየቄ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ።

ትንሽ ቆይቶ በኋላ በኩል ያለው የፉርጎ በር ተከፈተ። እያለከለከ ገባ። ገና ሳይቀመጥ ስሙን ጠየቀችው።