ይቺን ብቻ

ጓደኛዬ አሮጌዋን ላንድክሩዘር ከመግዛቱ ከስድስት ወር በፊት የሚጫንባትን ዕቃ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ዝርዝሩ በደብተር አራት ገጽ ይሞላል፤ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ሳንቃ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ጎማ መንፊያ፣ ሁለት የመኝታ ከረጢት፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አንዱ ጀሪካን ለናፍጣ፣ አንዱ ለውሃ፤ ከጎኑ "እንዳይምታታ!" ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ሸዋበር ሰፈር ውስጥ "ኢንጂነሩ" የምንለው በትምህርቱ አይደለም፤ በትምህርቱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ስለሚያሰምር ነው።

ጭነት ሳይንስ አለው ይላል። ቡና ላይ ከተቀመጠ አቦል ሳይወርድ ይጀምረዋል፤ በረካ ላይም አይጨርሰውም። ከባድ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከኋላ አክስል ቀደም ብሎ፣ ወደ መኪናዋ ወገብ ይጠጋል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣው ቀላል ቀላሉ ብቻ ነው፤ አናቷ የከበደ መኪና ያዘነበለ መንገድ ስታገኝ ለመገልበጥ ሰበብ ነው የምትፈልገው። መጨረሻ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ይገባል፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጨረሻ፤ ስለዚህ ክሪክና አካፋ በሩ እንደተከፈተ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ይቀመጣሉ። አያቱ በቅሎ ጫኝ ስለነበሩ ማሰሪያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወፍራል፤ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!" እኔም ሁሉንም አምኜ ተቀብያለሁ። ዝርዝሩ ላይ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደሴ።

ደሴ ውስጥ መኪና ይዞ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ምስጢር የለውም። መስከረም ጠብቶ ክረምቱ ገና ጓዙን ሳይጠቀልል፣ ኢንጂነሩ ሐሙስ ከሰዓት ሰኞ ገበያ ወርዶ ገመድ ገዛ። ሻጩ "ወዴት ነው ጉዞው?" አለው። "ወደ ካቤ ነን፤ ቅዳሜ አንድ ተራራ ሥር አድረን እሁድ እንመለሳለን።" ይኼው ነው ያለው። እኛ ሸዋበር ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ፣ በሩ ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ማዳበሪያ ቆመው ጠበቁን።

አፄ ምኒልክ በ1888 መስከረም የአድዋን ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው "ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ" ብለውት ነበር። ያ ጦር ስንቁን ይዞ ራሱ ነው የመጣው። የኛ ሰፈር ክተት ግን ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ስንቁ ብቻ የሚዘምትበት ነው።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ናት፤ ለእህቷ ልጅ አንድ ሹራብ። "ይቺን ብቻ።" ቀጥሎ ለተማሪዎች ሁለት ደርዘን ደብተር መጣ። ቀጥሎ ሐጂ፣ ልጃቸው ከኮምቦልቻ የላከላቸውን ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አስይዘው መጡ፤ ግማሹን ልጃቸው እዚያው ተጠቅሞበት የከደነው ነው፤ ክዳኑን ሳይነኩ ለወንድማቸው። ቀጥሎ ስኳር፣ ቀጥሎ ፍራሽ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ።

"መብራት ገብቶላቸዋል እንዴ?" አለ ኢንጂነሩ።

"ይገባላቸዋል፣ ኢንሻአላህ።"

ዶሮም ነበር። ዶሮ ከገጠር ወደ ከተማ ሲላክ እንጂ ከከተማ ወደ ገጠር ሲላክ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አውራ ነው፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት እየጮኸ ሰፈሩን ስላስቸገረ ወደ ትውልድ ቦታው እንዲመለስ ተወስኖበታል።

አንድም ሰው "ይህን ሁሉ አድርስልኝ" አላለም። አማርኛ ሲለምን ዕቃውን በእንስት አንቀጽ ያሳንሰዋል፤ ፍራሹም "ይቺ" ነው፣ ምጣዱም "ይቺ" ነው፣ ሐጂ ለብቻቸው የማያነሱት ዘይትም "ይቺ" ነው። እምቢ ማለት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ደሴን ለቆ ለሚሄድ ሰው። ያውም "አደራ" የምትለው ቃል ከተጨመረች በኋላ መኪናው ያንተ መሆኑ ያበቃል። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው።

ኢንጂነሩ ለእያንዳንዱ "ይቺ" ከዝርዝሩ አንድ ነገር እየሰረዘ ቦታ አበጀ። ሳንቃው ወረደ፤ "መሬቱ እስካሁን ሳይደርቅ አይቀርም።" ጎማ መንፊያው ወረደ፤ "አዲስ ጎማ ነው።" የውሃው ጀሪካን ወረደ፤ "ምንጭ ባለበት አገር ውሃ ተሸክሞ መሄድ ስድብ ነው።" አካፋው በመጨረሻ ሲወርድ ምክንያት አልሰጠም፤ ዓይኔን ብቻ ሸሸ። ክሪኩ ተረፈ። የተረፈውም ሁሉም ነገር በላዩ ተጭኖበት ማውጣት ስላልተቻለ ነው። ቀላል ቀላሉ ይወጣበታል የተባለው ፖርቶመጋላ ፍራሹን፣ ምጣዱንና በቅርጫት የታሰረውን አውራ ዶሮ ተሸከመ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦታል። ሞተሩ ተነስቶ ማርሽ ሊገባ ሲል የኢንጂነሩ እናት በነጠላ ተሸፋፍነው ከግቢው ብቅ አሉ። አፉ በክር የተሰፋ ማዳበሪያ በመስኮት ጉልበቴ ላይ ጣሉና አንድ ነገር ተናገሩ። በሞተሩ ጩኸት የሰማነው "ይቺን ብቻ" የምትለዋን ነው።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"ለአንዷ ዘመዳችን ይሆናል" አለና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ።

ጉጉፍቱ ስንደርስ መኪናው ውስጥ የምግብ ቤት ሽታ ሸተተኝ። ይህ ኢንጂነሩ ያላሰበው የሳይንስ ክፍል ነው። ጀሪካኑ የተከደነው ኮምቦልቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ጉጉፍቱ ከደሴም በላይ። ሽቅብ በወጡ ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውስጥ ታሽጎ የቀረው የኮምቦልቻ አየር ደግሞ እንደ ተሾመ ሰው ሆዱን ይነፋል። (በተቃራኒው ደሴ የተከደነ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጭምድድ ብሎ ያገኙታል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ አይቶታል፤ ማንም ግን ለጀሪካን ምክር አላወጣበትም።) ክዳኑ ተሸነፈ። ዘይቱም ከሥሩ ምን እንዳለ መርጦ ይመስል ሁለቱን የመኝታ ከረጢቶች አጠጣቸው።

ከካቤ ወዲያ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንጓዝ መረሬው ያዘን። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ደስ ያለው ይመስለኛል፤ ስድስት ወር ያነበበለት ነገር ነው። ሪዶታ፣ ጉልበት ሰጪውን ማርሽ፣ አስገባ፤ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን ወደ ሰማይ ረጩና እነሱ ወደ ታች ወረዱ። የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 አስተንፍሶ እግሩን ማስፋት ያውቅበታል፤ ግን መንፊያው ሸዋበር ነው፣ ያስተነፈሰውን በምን ይመልሰዋል? በአፉ? አካፋውም ሸዋበር ነው። የቀረን ክሪኩ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰፈራችን በታች ነው ያለው።

ስለዚህ ሰፈራችንን አወረድነው። ሹራብ፣ ደብተር፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ ዶሮ፤ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ከአንድ ትዳር የተካፈለ ንብረት ይመስላል። ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሰዎች ከበቡን። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ምጣዱን ነካ ነካ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ነገርናቸው።

"አብሽሩ፣ ትወጣላችሁ" አሉ። "አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ድረስ በዚህ ወሎ ጎትተው አውጥተውታል። ሰባት ቶን ነው የሚባለው፤ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ታዲያ እሳቸው ምጣድ አልጫኑበትም።"

አንዲት ሴት የስኳሩን ፌስታል ስታይ ቆመች። "ይሄ የእህቴ ቋጠሮ ነው!" ደሴ ያለች እህቷ ፌስታል ስትቋጥር ሁለቴ አዙራ ነው፣ አውቀዋለሁ አለች። ልክ ነበረች፤ የሷ ነው። ችግሩ ከጎኑ ለታናሽ እህታቸው የተላከው ፌስታል መኖሩ ነው። ሴትየዋ ሁለቱን በሁለት እጇ አንጠልጥላ መዘነች። ዝም አለች። እንደገና መዘነች።

"ለሷ አምስት፣ ለኔ ሦስት?"

እኔና ኢንጂነሩ ያላመጣነው ነገር የለም፤ መንገድ ላይ ፈሶ ይሆናል አልን፣ ሚዛኑ ይሆናል አልን። ፊቷ እንደሚለው ከሆነ ግን ሁለት ኪሎ ስኳር የበላነው እኛ ነን። ወሬው ካቤ ሳይደርስ ያደረ አይመስለኝም።

ቢሆንም አንዷ ስትወስድ ሌላው ተጠራ። ልጅ ተልኮ የሹራቡ ባለቤት መጣ፤ የደብተሮቹ ባለቤቶች እየሮጡ መጡ፤ የሐጂ ወንድም አህያ ይዘው መጡና የጎደለውን ዘይት አይተው "ሙሉ ነው እንጂ፣ ደግ ነው" አሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ፍራሹ በሁለት ጎረምሳ ራስ ላይ ሄደ። አውራ ዶሮው ተፈታ፤ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ጮኸ። ክሪኩን ስናገኘው መኪናዋ ባዶ ሆና ነበር፤ ስድስት ሰው ገፍቶ፣ ክሪክ ሳያስፈልግ፣ አወጣት።

ሣሩ ላይ የቀረው አፉ የተሰፋው ማዳበሪያ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ያወቀ ጠፋ። ሽማግሌው "ስም የሌለው አደራ ወደ ላከው ይመለሳል" ብለው ፈረዱልን፤ ወደ መኪናው መለስነው።

ሌሊቱን ተራራው ሥር አደርን። እራታችን አንድ ጣሳ ሰርዲን ነው። የመኝታ ከረጢቶቹ ዘይት ስለጠጡ መኪናው ውስጥ ጃኬታችንን ለብሰን፣ ተሰፍቶ የተቀመጠውን ማዳበሪያ ተራ በተራ እየተንተራስን ጥርሳችንን አፋጨን። ለስላሳ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ "ብንከፍተውስ?" አልኩት፤ ኢንጂነሩ "የሰው አደራ!" ብሎ እንደ ቄስ ገሰጸኝ።

እሁድ ማታ ሸዋበር ስንገባ እናቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ስኒውን ሳይሰጡን በፊት ጠየቁ፤

"ጭኮው ደረቀባችሁ? ጋቢዎቹስ አሞቋችሁ?"

ኢንጂነሩ እኔን አየኝ። እኔ እሱን አየሁት።

"በጣም ነው የሚጣፍጠው" አልን እኩል።

እሳቸው ግን በመስኮቱ አሻግረው፣ ስፌቱ እንዳለ የተቀመጠውን ማዳበሪያ እያዩት ነበር።