እርማት፦ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ተመድ ውስጥ ድምፅ አይሰጡም

«መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ተመድ ውስጥ እንደ አገር ድምፅ ይሰጣሉ፤ ፀረ ሰው ፈንጂንም ያሳገዱት እነሱ ናቸው» ብለሃል። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

የተመድ ቻርተር አንቀጽ 71 የሚለው የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤቱ ሊያማክራቸው ይችላል ነው። የአማካሪነት ደረጃ ያገኙት ስብሰባ ይገባሉ፣ ጽሑፍ ያቀርባሉ፣ አንዳንዶቹም ይናገራሉ። ድምፅ የሚሰጡት ግን መንግሥታት ብቻ ናቸው። ደረጃውን የሚሰጡትም የሚነጥቁትም እነሱው ናቸው፤ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ወደ ፈንጂው እንምጣ። ፈንጂውን የማሳገድ ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመሩት ስድስት ድርጅቶች ናቸው። የተጎጂዎችን ጉዳይ አደባባይ አወጡ፣ መንግሥታትን ወተወቱ። በ1996 ግን የካናዳው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎይድ አክስዎርዚ «የእገዳ ስምምነቱን በአንድ ዓመት ውስጥ እንፈርም» ብለው ባይጋብዙ ኖሮ፣ በእኔ ግምት ነገሩ ገና ሲጓተት ይኖር ነበር። በ1997 ኦታዋ ላይ የፈረሙት መንግሥታት ናቸው። ዘመቻው በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። አሜሪካን፣ ሩሲያንና ቻይናን ግን ማስፈረም አልቻለም።