"መጠጥ ይችላል" እያላችሁ የምታሞግሱት ሰው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰካራም አይደለም። ሰካራሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቦይ ውስጥ ይወድቃል፣ ሰፈር ይረብሻል፣ ልጆች ይስቁበታል። ለእሱ የሚሆን ስድብም ምክርም ሞልቶናል። እኔ የማነሳው የማይወድቀውን ነው።

ታውቁታላችሁ። "እሱ እኮ መጠጥ ይችላል" የምትሉት ሰው ነው። ስምንት ቢራ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሒሳብ የማይሳሳት፣ የሰከሩትን ደግፎ ቤታቸው የሚያደርስ። በሁለት ቢራ በሚንገዳገደው ጓደኛችን እናላግጣለን፣ ይህንን ግን እናደንቃለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሁለት ቢራ የሚንገዳገደው ሰው አካሉ መጠጥ አልለመደም፤ ስለዚህ ቶሎ ያስታውቃል። ስምንቱን የቻለው ሰው አካል ግን ራሱን በመጠጥ ልክ አስተካክሎ ጨርሷል። ሲጠጣ ደህና ይሆናል፣ ሳይጠጣ ይታመማል። እኛ ደግሞ የምናየው ሲጠጣ ብቻ ነው። ሱሱን ማታ ግሮሰሪ ውስጥ እንፈልገዋለን፣ እሱ ጠዋት አልጋ ላይ አለ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ ሲመጣበት አንጎል እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ነቅቶ ለመቆየት በተቃራኒው ይገፋል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ሲገፉ አስቡ። በሩ ንቅንቅ አይልም። የውጪው ሰው ድንገት ቢለቅ ግን የውስጡ በአፍጢሙ ይደፋል። መጠጥ ሲቋረጥም እንደዚያው ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ይህ የሚጀምረው ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። እስቲ አስሉት። ማታ 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ጨልጦ የተኛ ሰው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንሶላው በላብ ርሶ ይነቃል። ሚስቱም "ወባ ይሆን እንዴ?" ትላለች።

ወባ፣ ምች፣ ብርድ፣ ጨጓራ፣ ነርቭ፣ ደም ብዛት። ያልሰጠነው ስም የለም። ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ያስመልሰዋል፤ ጨጓራው ነው ተብሎ ተልባ ይበጠበጥለታል። ቁርስ አልወርድ ይለዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ በዝቶበት ነው ይባላል። ውስጥ እግሩን ያቃጥለዋል፤ ስኳር ይሆናል ተብሎ ይመረመራል፣ ስኳር የለበትም። ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ወጡ ላይ ጨው ይቀነስለታል። በርግጥ እያንዳንዱ ለብቻው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጡና ማስመለሱ ግን ረፋድ ላይ "አንድ ጉዳይ አለኝ" ብሎ ደርሶ ሲመለስ ድራሻቸው ከጠፋ፣ ጉዳዩ ምን እንደነበር ጠይቁ።

እጁን ልብ በሉ። የጠዋት ቡና ሲቀርብ ስኒውን ከእጃችሁ አይቀበልም። "አስቀምጪው፣ ይብረድልኝ" ይላል። ሰው ዞር ሲልለት በሁለት እጁ ያነሳዋል፣ ወይም አጎንብሶ አፉን ወደ ስኒው ይወስዳል። ባንክ በጠዋት መሄድ አይወድም። ፊርማው አልመሳሰል ብሎ ገንዘብ ከፋይዋ ደጋግማ አስፈርማዋለች፣ ከኋላው ሰልፈኛው አጉረምርሞበታል። ከምሳ በኋላ ሲሄድ ያው ፊርማ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህን ባንክ ቤት ያለችው ልጅ አይታለች፤ አብሮት የሚያድረው ቤተሰብ ግን አላየም።

መደበቂያውም ቀላል ነው። አረቄ ቀለም የለውም። ሃይላንድ ውስጥ ገብቶ ከመኪና ወንበር ስር ወይም ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃ ይመስላል። "ውሃህን እስቲ አቀብለኝ" ሲባል የሚደነግጥ ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ ገብቷችኋል። ከኪሱ ማስቲካና ቅርንፉድ አይጠፋም። ሰርግ ከመሄዱ በፊት ቤት ውስጥ ይጀምራል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚቀዳለት አይበቃውም። ስብሰባ ሲረዝም ይቁነጠነጣል። መጠጥ ወደሌለበት ቦታ አድሮ መመለስ ሲመጣ፣ ገዳም መሳለምም ይሁን ገጠር ዘመድ ጥየቃ፣ ሰበብ አያጣም።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር ልጨምር። ከቃማችሁ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የምትጠጡት፣ ጨብሲ የምትሉት ነገር አለ። ሱሴ ጫት ነው ብሎ የሚያምን ስንቱ ልጅ፣ አካሉ የታሰረው በጨብሲው ሆኖ ይገኛል! ጫቱን አንድ ሳምንት ቢተው ይጫጫነዋል፣ ይነጫነጫል። ማታ ማታ የሚጨልጠውን ቢተው ግን ጠዋት እጁ ይነግረዋል።

እናቶችንም ዘንግተናል። ለልጆቿ ማሳደጊያ አረቄ የምታወጣው፣ ጠላ የምትጠምቀው እናት ቀኑን ሙሉ "እስቲ ልቅመሰው" ስትል ማን ይቆጥርባታል? ሥራዋ ነው። ሴት ልጅን ጠጪ ማለት ነውር ስለሆነብን አናይም፤ እሷም ነውሩን ስለምታውቅ ከወንዱ ይበልጥ ትደብቃለች። ጓዳ ውስጥ ትጠጣለች፣ በጊዜ ትተኛለች፣ ጠዋት ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ትነሳለች። "ራስ ምታት አለባት" ብለን እናልፈዋለን።

"እሱ እኮ ጾም ሲገባ ያቆማል" የሚል መከራከሪያም አለ። ደግ። የዓቢይ ጾም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው አስታውሱ። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ተኝቶ አልነበር? ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የጾሙን ሁሉ በአንዴ ያካክሳል። ይህ ማቋረጥና መመለስ ሲደጋገም የሚቀጥለውን ማቋረጥ የባሰ ያደርገዋል። ዘንድሮ በመንቀጥቀጥ ያለፈው ለከርሞ ሊጥለው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ። እስካሁን ያልኩት አለማየታችንን ነው። ካየን በኋላ የምናደርገው ግን ይብሳል። ነገሩ ሲገለጥ ሽማግሌ ይጠራል። መጽሐፍ አስይዘው ያስምሉታል። ደመወዙ ይያዛል፣ በር ይቆለፍበታል፣ "ሁለተኛ አንዲት ጠብታ እንዳይቀምስ" ተብሎ ወንድም በር ላይ ይቀመጣል። ቤተሰቡ የፍቅር ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ወገኖቼ፣ ይህ ድርጊት ሰውየውን ሊገድለው ይችላል! ሲጋራና ጫት ድንገት ሲቋረጡ ያሰቃያሉ እንጂ ሰው አይገድሉም። ሥር የሰደደ አልኮል ግን ድንገት ሲቋረጥ ሊገድል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሰውየው ተንቀጥቅጦ ሊወድቅ ይችላል። እኛም የሚጥል በሽታ ነው ብለን ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ የባሰው ይመጣል። ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ አያውቅም፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ያሻቅባል።

ጠበል የምትወስዱትም ስሙኝ። ጠበሉን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረን ሰው ድንገት አስቁማችሁ፣ ምግብ ሳይቀምስ በብርድ ስታስጠምቁት፣ በሁለተኛው ቀን ሲወራጭና ሲለፈልፍ "እየለቀቀው ነው" ትላላችሁ። ለቆት ላይሆን ይችላል። አንጎሉ እየተጎዳ ይሆናል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ሲረጋጋ ይጠመቅ። ብዙ አባቶችም ቢጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው።

አንድ አባት እናስብ። ደረጃ ላይ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን "መጠጥ ይጠጣሉ?" ብሎ ጠየቀ። ትልቁ ልጅ ቀደም ብሎ "ኧረ በበዓል ብቻ!" አለ። አባትየው አቀርቅረው ዝም አሉ። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት አንሶላው ላይ ጉንዳን ይለቅማሉ፤ ጉንዳን የለም። የሞተ ወንድማቸውን ይጠራሉ። የተሰበረ እግራቸውን ይዘው ከአልጋ ሊወርዱ ይታገላሉ። ነርሶቹ ኢንፌክሽን ይሆን፣ የማደንዘዣው ጣጣ ይሆን እያሉ ይሯሯጣሉ። አክስትየው መንፈስ ነው ብላለች። በቀን አንድ ጠርሙስ አረቄ እንደሚጨርሱ የሚያውቅ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ አይናገርም። የቤቱን ስም እየጠበቀ ነዋ! አንተ ልጅ፣ ለሐኪም የተነገረ ነገር ሰፈር አይደርስም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ድረስ መጠጡን በአንድ ጊዜ አትንጠቁት። ይህ ብዙዎችን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ፤ ሕክምናው የሚለው ግን ይህንን ነው። ማቋረጡ በሐኪም ዓይን ስር ይሁን። እዚያ ዲያዚፓምን የመሰለ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ቢ1 የተባለው ቫይታሚንም ይሰጠዋል፤ ጠጪ ሰው ስለማይበላ አካሉ ውስጥ አልቋልና። ይህን ያነሳሁት እናንተ ራሳችሁ ዲያዚፓም ፈልጋችሁ እንድትሰጡት አይደለም። ከመጠጥ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። "ደክሞታል፣ ግሉኮስ ይሰካለት" ብላችሁ ሰፈር ክሊኒክ መውሰዱም ይብቃ። ቢ1 ሳያገኝ ግሉኮሱ ብቻ ሲገባበት አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። የወደቀ፣ የተወራጨ፣ የሌለ ነገር ያየ ወይም ግራ የተጋባ ሰው ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ነጋ አልነጋ አትበሉ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደሚቀየር አውቃለሁ። "አማኑኤል ገባ" ከሚባል ቤት ተቆልፎበት ቢሞት የሚመርጥ ቤተሰብ አለ፤ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም የሚያደርገው ያንን ነው። በየክልሉም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። የሚያስተኛ አጠቃላይ ሆስፒታልም ቢሆን ከተቆለፈ መኝታ ቤት ይሻላል።

ልታናግሩት ስትፈልጉ ማታ አይሁን። ማታ ያናገራችሁት መጠጡን ነው፣ ጠዋት አያስታውሰውም። ረፋድ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ለዚያውም እሱ የማይፈራው ሰው ያናግረው። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው አባት ወይም ታላቅ ወንድም አይደለም። እህት ናት፣ ወይም የድሮ የሥራ ባልደረባ። "ለምን ትጠጣለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱን እሱም አያውቀውም። "ጠዋት ጠዋት እጅህ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ ሳትጠጣ ስትቀር ያምሃል አይደል?" በሉት። እስካሁን ሁሉም የጠየቀው ስለጥፋቱ ነበር፤ ስለሕመሙ የጠየቀው የለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ ከስንት ሰዓት እንደሚጀምርና የመጨረሻውን መቼ እንደቀመሰ ሳትቀንሱ ተናገሩ። ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ያውቅ እንደሆነም አትርሱ።

ታክሞ ሲወጣ ደግሞ የኛ የጎረቤቶቹ ተራ ነው። ማኅበር ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ እድር ቤት "በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!" ማለት እንወዳለን። እምቢ ያለው ሰው የናቀን ይመስለናል። ይህን ሰው በሞታችሁ አትለምኑት። ውሃ ወይም ለስላሳ አስቀምጡለት፣ ለምን እንደማይጠጣም በሰው ፊት አትጠይቁት።